አበልጄ ቅጠል ሲነፉ

አሁን ተኚ። መጋረጃው ተዘግቷል፣ በመጋረጃው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅያለሁ፣ በብርድ ልብሱ ጫፍ ብርሃን እንዳይሾልክ ካርቶን ለጥፌአለሁ፣ ጆሮዬ ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ጠቅጥቄአለሁ፣ ተኚ እንጂ ኦብዱሊያ፣ ሌላ ምን ቀረሽ። ግን ዛሬ ማክሰኞ ነው። ሰኞ ቅጠል የሚነፋው ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ነው፣ ረቡዕ የጥርስ ሐኪሙ፣ ሐሙስ ከጀርባ ያሉት፣ እነሱን በሆዴ እረግማቸዋለሁ፣ ሲብስብኝ በአፌም፣ ትንሽ ይቀለኛል። ማክሰኞን ግን መርገም አልችልም፣ ማክሰኞ የአበልጄ ቀን ነው። ዶን ኤራስሞ ፒክአፓቸውን በሩ ላይ ያቆማሉ፣ ያንን የቅጠል መንፊያ ማሽን እንደ ልጅ ጀርባቸው ላይ ያዝሉታል፣ ገመዱን ይስባሉ፣ ይንተፋተፋል፣ እንደገና ይስባሉ፣ ከዚያ ያ ጩኸት ይመጣል፣ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል፣ ብርጭቆዬ ውስጥ ያለው ውሃ ይርገበገባል፣ የቤንዚኑ ሽታ በካርቶኑ ሥር ሹልክ ብሎ ገብቶ ጉሮሮዬ ላይ ይቀመጣል። የምኖረው ከሰው ቤት ጀርባ ባለ ጋራዥ ውስጥ ነው፣ ግድግዳው ግድግዳ አይባልም። እና ይሄ ሁሉ ምን መሰላችሁ፣ ስጦታ ነው። ማንም አልለመናቸውም። "አበልጄ በሚኖሩበት ግቢ ቅጠል ወድቆ አላይም" አሉ፣ አለቀ። በነጻ። አከራዬ ደስ ብሏት ከዚያ ወዲህ ልብስ ማጠቢያዋን ስጠቀም ፊቷን አታጠቁርብኝም። አሁን ይቺን ሴትዮና እኚህን ሰው ምን ብዬ ነው የማስቆማቸው?

ሂጂና ንገሪያቸው ይለኛል አንዱ ልቤ። አበልጄ፣ እኔ እኮ ሌሊት ሠርቼ ቀን ነው የምተኛው፣ ይተዉት በያቸው። አፌ ድረስ ይመጣና ይመለሳል። ልጄን ክርስትና ያነሱ ሰው ናቸው። አገር ቤት፣ ሄሬስ እያለን ጎረቤታሞች ነበርን፣ "አንቺ ቀጫጫ" ይሉኝ ነበር፣ እኔም አንተ ነበር የምላቸው፣ ዕድሜ ቢበልጡኝም ምላሴ ስድ ነበር። ልጄን ያሬትዚን ከጠበሉ አንሥተው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለልጆቹ ሳንቲም የበተኑ ቀን ግን አንተና አንቺ ቀረ፣ እኔም እርስዎ እሳቸውም እርስዎ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው። ከወንድምሽ ጋር ትጣያለሽ ትታረቂያለሽ፣ ከአበልጅ ጋር ግን ፊት መነሳሳት ነውር ነው፣ ስጦታውን መመለስ ደግሞ ከነውርም የባሰ ነው። ይሉኝታ ሰው ይገድላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፣ አሁን ግን በማክሰኞ ማክሰኞ እየገደለኝ ነው። ደግሞ እኮ በኩራት ነው፣ "ይሄ አዲሱ ማሽን ድምፅ የለውም አበልጄ" ይሉኛል፣ እየጮሁ። ድምፅ የለውም! የጠፋው የማሽኑ ድምፅ አይደለም፣ ጆሯቸው ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ያን ነገር ጀርባቸው ላይ አስጩኸው። የጆሮ መከላከያ ገዝቼ ብሰጣቸው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለውት ዋሉ፣ "ጆሮዬን ከደፈንኩ መኪናዬ ላይ ያለውን ዕቃ ሲዘርፉኝ በምን እሰማለሁ" ብለው። ግራ ጆሯቸው ጭራሽ ሞቷል፣ በቀኙ ጮክ ያለ ነገር ይሰማሉ። እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ የምለው ነገር የለኝም።

ወደ ጎን ዞርኩ። ትራሱን ጭንቅላቴ ላይ ጫንኩት። ጩኸቱ ወደ ፊት ለፊት ሄደ፣ ተመስገን፣ ቅጠሉን ወደ መንገዱ እየገፉት ነው፣ አሁን ይበቃል፣ አሁን ያቆማሉ፣ ዓይኔ ከደን አለ፣ እና ሚስተር ፔትሪ በር ላይ ቆመዋል። ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፣ እንቅልፍ ሊመጣ ሲል እኚህ ሽማግሌ ይቀድሙታል። ሌሊት ሌሊት የምጠብቃቸው እሳቸውን ነው። አእምሯቸው ሄዷል፣ እግራቸው ግን ጤነኛ ነው፣ ተነሥተው ወደ ሥራ እሄዳለሁ ይላሉ፣ ድሮ ባቡር ይነዱ ነበር አሉ። ሥራዬ ነቅቶ መቀመጥ ነው፣ ሌላ ሙያ የለውም፣ ነቅቶ መቀመጥ። ባለፈው ሳምንት ወንበሩ ላይ እንዳለሁ ወሰደኝ። ብርድ ነው የቀሰቀሰኝ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሽማግሌው በፒጃማና በባዶ እግራቸው መንገዱ መሐል ቆመው ባቡራቸውን ይጠብቃሉ፣ አንድ መኪና መብራቱን እያበራ ከሩቅ ይመጣል። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እጃቸውን ስይዘው "ዘገየ አይደል?" አሉኝ። ዘገየ፣ አልኳቸው። ልጃቸው በማግሥቱ ሳሎኑ ውስጥ ካሜራ አስተከለች፣ አልጮኸችብኝም፣ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ "ኦብዱሊያ፣ ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ሌላ ሰው መፈለግ ይኖርብኛል" አለች፣ ጨዋ ናት። ሌላ ሰው ትፈልግ፣ እኔ እሱን አይደለም የምፈራው፣ ወይም እሱን ብቻ አይደለም። ያ መኪና ነው ዓይኔ ላይ ያለው። ሰው ይሞትብኛል። እንቅልፍ ስለሌለኝ ሰው ይሞትብኛል።

ለሚስስ ሃሎራን ይሄን መንገሬ ነው ጣጣ ያመጣው። ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር ጡረታ የወጣች የሙዚቃ አስተማሪ ናት፣ ቅጠል መንፊያ ይከልከል የሚለው ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የከተማውን ምክር ቤት ስትነዘንዝ የኖረች። ሙዝ ያለበት ዳቦ ይዛልኝ መጣች። ጭሱ የልጆቹን ሳምባ እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ማሽኑ ከመኪና የባሰ እንደሚበክል፣ ሁሉንም ነገረችኝ፣ ትክክል ናት፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው፣ ትክክል ናት። ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "እኛ ስንናገር ሀብታሞች ድሆቹን አትክልተኞች ሊያባርሩ ነው ይሉናል፣ አንቺ ብትናገሪ ግን ማንም እንዲህ ሊለን አይችልም" አለች። ገባኝ። ዳቦው የመጣው ለዚህ ነው። ተነሺና ውጪ ልላት ይገባ ነበር፣ ግን ዳቦው ጥሩ ነበር፣ እኔም ካለቀስኩ በኋላ ነበር የመጣችው፣ በሩ በተከፈተበት ሌሊት ማግሥት ነው፣ ዘርግፌ ነገርኳት። እሷም አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ፣ ወደዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ እንዲያ አድርጎ የሰማኝ ሰው የለም፣ "ይሄንኑ ተናገሪ፣ ስምሽን አስመዘግባለሁ" አለች። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ልማዴ ነው። የምክር ቤቱ ስብሰባ ማክሰኞ ማታ ነው አለች፣ ማክሰኞ ደግሞ ደረሰ።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ያሬትዚ ናት፣ ከትምህርት ቤት መውጫዋ ነው።

"እማ፣ ተኝተሽ ነበር?"

"የለም የኔ እናት፣ ነቅቼ ነበር።"

"ሁልጊዜ ነቅተሽ ነው፣ ድምፅሽ ግን የተኛ ሰው ነው የሚመስለው። ምንድን ነው እሱ የሚጮኸው?"

"የክርስትና አባትሽ ናቸው። ቅጠል እየነፉ ነው።"

ሳቀች። ስለያት አምስት ዓመቷ ነበር፣ ያኔ እንዲህ አልነበረም የምትስቀው፣ ይሄኛውን ሳቅ የሰጣት ማን እንደሆነ አላውቅም። "ሰላም በይልኝ፣ ደግሞ በስልክ ሲያወሩኝ አይጩኹብኝ፣ አያቴ እኮ ከጓዳ ሆና ትሰማቸዋለች፣ ትናንት ፈተናዬን አልፌ 'ጎበዝ' ያሉኝን ሰፈሩ ሁሉ ነው የሰማው" አለችኝ። ትናንት ደውለውላት ነበር እንዴ? እኔ ፈተና እንዳላት አላወቅሁም። እኔ ትናንት በዚህ ሰዓት ትራስ ጭንቅላቴ ላይ ጭኜ የሰው ማሽን ስረግም ነበር፣ እሳቸው መንፊያውን አውርደው ከሰው አጥር ሥር ቁጭ ብለው ለልጄ እየደወሉ ነበር። ስልኩን ስዘጋው ወሰንኩ። አልሄድም። ሚስስ ሃሎራን ዳቦዋን ትውሰድ። እንዲያው ምን ቆርጦኝ ነው በእኚህ ሰው ላይ የምቆመው?

ጩኸቱ ቆመ። ወዲያው በሩ ተደበደበ፣ ማንኳኳት አይችሉም፣ መደብደብ ነው። ቆብ አድርገው፣ ሽፋሽፍታቸው ላይ የቅጠል ብናኝ፣ በእጃቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሳህን። "ቸላ የላከችልዎት ነው፣ ጎርዲታ ነው፣ ሳይቀዘቅዝ ይብሉት!" ቸላ ባለቤታቸው ናት።

"እግዜር ይስጥልኝ አበልጄ፣ ለምን ደከማችሁ።"

"ዓይንዎ ቀልቷል። ምን ሆኑ?"

"እንቅልፍ አጣሁ" አልኳቸው። አልኳቸው እኮ! በቃ ወጣ።

"ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው፣ ይረፉ" አሉኝ፣ እየሳቁ። "ማታ ምክር ቤቱ ጋ ይመጣሉ አይደል? አትክልተኞቹ ሁላችንም እንመጣለን፣ ሮሄሊዮ ይናገርልናል፣ እሱ ምላስ አለው። በመጥረጊያ ጥረጉ ነው እኮ የሚሉን። እኔ ስልሳ ሊሞላኝ ነው፣ በመጥረጊያ ስንት ግቢ እደርሳለሁ? ባትሪ ያለውን ግዙ ይላሉ፣ ሁለት ግቢ ሳይጨርስ ይሞታል። ቦታ እይዝልዎታለሁ፣ ከዚያ ሥራዎ አደርስዎታለሁ፣ በአውቶቡስ አይንገላቱ።"

"እመጣለሁ" አልኩ። ከእሺ ሌላ የማውቀው ቃል እመጣለሁ ነው። ከሄዱ በኋላ ጎርዲታውን፣ ያንን ሆዱ የተሞላ የበቆሎ ቂጣ፣ ቆሜ በላሁት፣ ጣፈጠኝ፣ ጣፍጦኝ አፈርኩ። ልተኛ ስል ስልኩ ብልጭ አለ፣ የሚስተር ፔትሪ ልጅ መልእክት ነው። "ትናንት ሌሊት ካሜራው ላይ አንገትሽ ሁለት ጊዜ ሲወድቅ አይቻለሁ። ደህና ነሽ? ዛሬ እባክሽ ተጠንቀቂ።" ደህና ነሽ ብላ መጠየቋ ነው የባሰብኝ። ያን ቀን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

አዳራሹ ቀዝቃዛ ነው። ሁሉም ነገር የሚያብረቀርቅ እንጨት ነው። ተናጋሪው የሚቆምበት ቦታ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ መብራት አለ፣ ቀይ ሲበራ አፍሽን ትዘጊያለሽ፣ የመንገድ ትራፊክ ይመስል። የሚስስ ሃሎራን ሰዎች በግራ በኩል ሰማያዊ ሪባን ደረታቸው ላይ ሰክተው ተቀምጠዋል፣ የኛዎቹ በቀኝ፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ፣ ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ። ሚስስ ሃሎራን በር ላይ ያዘችኝና ሪባኑን ልትሰካልኝ እጇን ዘረጋች፣ ነጥቄ ኪሴ ከተትኩት። ዶን ኤራስሞ ከኋላ ሆነው ክንዳቸውን እንደ ባንዲራ ያውለበልባሉ፣ ወንበሩ ላይ ቆባቸውን አስቀምጠው ይዘውልኛል፣ ከጎናቸው። ሄጄ ተቀመጥኩ። ሮሄሊዮ በስፓኒሽ እየተናገረ ነው፣ "በመጥረጊያ ጥረጉ አላችሁን፣ እሺ፣ እናንተም ልብሳችሁን ወንዝ ወርዳችሁ እጠቡ" ይላል፣ የኛዎቹ ይስቃሉ፣ አስተርጓሚዋ ስትጨርስ ከግራ በኩልም አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ዶን ኤራስሞ ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ። "ጥሩ ይናገራል አይደል?" አሉኝ፣ በሹክሹክታ ያወሩ መስሏቸው፣ አዳራሹ ሁሉ ዞረ። ቀጥሎ አንድ ሐኪም ስለ ጭሱ ተናገረ። ቀጥሎ አንዲት እናት። እኔ አልነሣም እያልኩ ነው፣ ስሜን ቢጠሩም የለችም ይበሉ፣ ሰው ታሞ ይቀር የለ እንዴ። ከዚያ ስሜ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ወጣ። ኦብዱሊያ ቦቴሎ። በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የሌላ ሰው ስም ይመስላል። አልተንቀሳቀስኩም። የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ደግማ ጠራች። ዶን ኤራስሞ ናቸው ስክሪኑን ያነበቡት።

"አበልጄ፣ እርስዎ እኮ ነዎት!" ፊታቸው በራ። "ሊናገሩልን ነው? ለምን ሳይነግሩኝ? ይሂዱ፣ አይፍሩ፣ ይሂዱ" እያሉ በመዳፋቸው ጀርባዬን ገፋ ገፋ አደረጉኝ፣ ክርስትና ሲያነሱ ልጄን በያዙበት በዚያው መዳፍ። እና ሄድኩ። እግሬ ነው የሄደው እንጂ እኔ ወንበሩ ላይ ቀርቼአለሁ።

አረንጓዴው በራ። ስሜ ኦብዱሊያ ቦቴሎ ነው፣ አልኩ። ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ድምፄ ቀጭን ነው፣ ማይክራፎኑን ማን እንደሚያስተካክል አላውቅም። እተኛ ነበር ማለቴ ነው፣ አሁን አልተኛም። ስለ ሽማግሌው ነገርኳቸው፣ ስማቸውን ሳልጠራ፣ ስለ በሩ፣ ስለ መኪናው መብራት። አስተርጓሚዋ ከኋላዬ እየተከተለችኝ ነው። እንግዲህ ቢጫው በራ፣ በቃሽ ተመለሺ፣ ያልሽው ይበቃል። አልተመለስኩም። ማሽኑ ይቁም፣ አልኩ። በመስኮቴ ሥር የሚነፉት አበልጄ ናቸው፣ ለኔ ብለው በነጻ ነው የሚነፉት፣ ከሳቸው የተሻለ ሰው አላውቅም። ያ ማሽን ጆሯቸውን በልቶታል። እዚህ ተቀምጠዋል፣ አሁን የምለውን ግን አይሰሙኝም። ማሽኑን ስትከለክሉ ባዶ እጃቸውን አትስደዷቸው፣ የምትከለክሉት እናንተ ናችሁ፣ ሌላውንም እናንተ ስጧቸው። ቀይ በራ።

የኛዎቹ ስፓኒሹን ሰምተዋል። ማንም አላጨበጨበም። ዘወር ብለው እሳቸውን አዩዋቸው፣ መጀመሪያ ሮሄሊዮ፣ ከዚያ ሁሉም። አስተርጓሚዋ ስትጨርስ ደግሞ በግራ ያሉትም ዞሩ። ዶን ኤራስሞ ያ ሁሉ ዓይን ሲያርፍባቸው እኔን አዩ፣ ሰዉን አዩ፣ ያመሰገንኳቸው መሰላቸው። ተነሡ። ቆባቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለአዳራሹ እጅ ነሱ፣ ከዚያ ቆባቸውን ብብታቸው ሥር ወትፈው አጨበጨቡልኝ። ብቻቸውን። እነዚያ ትላልቅ መዳፎች። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፣ እሷም አልተከፈተች።

ድምፅ ሊሰጡ ነው አሉ፣ ግን ገና ሌላ ተናጋሪ አለ፣ ሥራዬ ደግሞ ሊረፍድ ነው። እርስዎ ይቆዩ፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ አልኳቸው በእጅ ምልክት ጭምር። "የምን አውቶቡስ? ድምፁን ለመስጠት የኔን እጅ አይፈልጉም" አሉና ቀድመውኝ ወጡ፣ ሲያልፉ የሮሄሊዮን ትከሻ መታ መታ አደረጉት፣ ሮሄሊዮ እኔን አላየኝም። ፒክአፑ ውስጥ ነን። ከኋላችን መንፊያው ከመጥረጊያዎቹ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል። ኪሴ ውስጥ ሪባኑን በጣቴ እጠቀልለዋለሁ። "ኮራሁብዎ" ይላሉ መሪውን ይዘው፣ "እኔ እዚያ ፊት መቆም አልችልም። ለያሬትዚ ነገ እደውልላታለሁ፣ እናትሽ በከንቲባው ፊት ተናገረች እላታለሁ።" መንገዱ ዳር የወደቀው ቅጠል በመብራቱ ያልፋል። ለእንቅልፍ የሚመች ወንበር ነው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔ ከበደኝ፣ አሁን መጣ፣ አሁን።

ስልካቸው ጮኸ። "ያንሱልኝ አበልጄ፣ እኔ እየነዳሁ ስልክ አይሰማኝም።" ሮሄሊዮ ነው።

"አለፈ" አለ፣ ማን እንዳነሣው ሳይጠይቅ። "አምስት ለሁለት። ከጥር ጀምሮ ቤንዚን የሚባል የለም። ስለ ሌላ ማሽን ምናምን እናጠናለን ብለዋል፣ ያው እንደሚሉት።"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"ሁላችንም ሰምተንሻል" አለ። አልተቆጣም፣ ደክሞታል። "ከሳቸው በቀር። አሁን አንቺው ንገሪያቸው።" ዘጋው።

የሚስተር ፔትሪ ቤት ደርሰናል። መስኮቱ ላይ ሽማግሌው ቆመው መንገዱን ያያሉ፣ ልጃቸው ከኋላቸው ሰዓቷን ታያለች። ዶን ኤራስሞ ሞተሩን አጠፉት። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው፣ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማ ነበር፣ ለኔ።

"ምን አሉ?" አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝ አበልጄ፣ አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንዲህ ያለ ነገር ተጮሆ አይነገርም።

"ኧ?" አሉ። ቆባቸውን አወለቁና ቀኝ ጆሯቸውን አዞሩልኝ፣ ደህናውን፣ ፈገግ እንዳሉ፣ ከጆሯቸው በላይ ያለው ሽበት ውስጥ ከእኔ ግቢ የተሰነቀረ የቅጠል ስባሪ አለ። እጄን ትከሻቸው ላይ አደረግሁ። ጠጋ አልኩ። ስሜ ኦብዱሊያ ቦቴሎ ነው፣ አልኳቸው፣ የመንገዱ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ጮክ ብዬ፣ ሌሊት እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ።